የዓርብ ቁጥር

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ሰሌዳው ላይ የዓርብ ቁጥር ነበር። በቀኝ በኩል፣ ላይኛው ጥግ ላይ፣ በነጭ ጠመኔ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ "ዓርብ 584" ይላል። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። እትየ ለተኪዳን ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ አፍልተው፣ ቴርሞሜትር አንብበው፣ የቀኑን የአየር ግፊት ሳይጽፉ የጋውናቸውን ቁልፍ እንኳ አይቆልፉም። ያለፈ ቀን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ማየት አይወዱም ነበር። ዳስተር ካጡ በነጠላቸው ጫፍ ያጠፉታል።

ዞር ስል ጥበቃው አቦይ ሐዱሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

"መምህር፣ አልሰማህም ማለት ነው?"

"ውቅሮ ነበርኩ። ከመኪና መውረዴ ነው።"

"ቅዳሜ ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው።"

"አይቻለሁ" አልኳቸው። አቦይ ሐዱሽ ምን እንዳየሁ አልገባቸውም፤ ቆባቸውን መልሰው አድርገው ወደ በራቸው ሄዱ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጉድለቱ ከአስከሬኑ ቀድሞ ይቀበራል። ከቀብር መልስ የምንሰማው ሁሉ ለጋስ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት ያለ ጊዜ የት ይደበቅ እንደነበር አላውቅም። ስለዚህ እትየ ለተኪዳን ደግ ነበሩ ብዬ አልጽፍም። ችክ ያሉ ነበሩ። ሰው ማባበል አያውቁም፤ ታምሜ ሊጠይቁኝ ቤቴ መጥተው ትኩሳቴን በእጃቸው ዳስሰው "ሠላሳ ስምንት ከምናምን" ካሉ በኋላ፣ ምናምኗ አላስተኛቸው ብላ በማግስቱ ቴርሞሜትር ይዘው ተመልሰዋል። ይህን የምጽፈው ትክክል ስለነበሩ ነው። ደግ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ትክክል የሆነ ሰው ሲገጥመኝ ግን ልሸሽ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም እንጂ።

መደባቸው "የላቦራቶሪ ረዳት" የሚል ነበር። ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ የላቸውም። እኔ ዲግሪው ከእነ ተከታዩ አለኝ። ከደብረ ማርቆስ "ለሁለት ዓመት" ብዬ መጥቼ፣ እዚህ አግብቼ፣ መቐለ የቀረሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ከማስተማሩ ይልቅ መጣጥፍ መጻፍ የሚቀናኝ መሆኑን ተማሪዎቼ ከእኔ በፊት ነው ያወቁት። እትየ ለተኪዳን መጣጥፎቼን ያነብባሉ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ይመልሱልኛል፣ "ያምራል" ይላሉ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ሒስ አጋጥሞኝ አያውቅም።

አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። እስክሪብቷቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ቴርሞሜትር ሲያነብቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ በትንፋሻቸው እንዳይሞቅ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ተማሪ "ወደ ሃያ ሁለት ገደማ ነው" ካለ "ገደማ የሚባል መስመር አሳየኝ" ብለው መስታወቱን በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል። ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች፤ "መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ስሙ በኋላ።" ያየኸውን ጻፍ፣ ምን እንደሆነ በኋላ ትደርስበታለህ ማለታቸው ነው። እኛ መምህራኑ በተቃራኒው ነበር የምንሠራው። ስሙን አስቀድመን እናውቃለን፤ ቁጥሩ ወደ ስሙ እንዲመጣ እንጠራዋለን።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ኮሌጁ ሲከፈት ላቦራቶሪው ባዶ ነበር። ጠረጴዛ እንኳ አልቀረም። እኔ ለዕቃ ጥያቄ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቋንቋው ጥሩ ነበር። እትየ ለተኪዳን ዘምቢል ይዘው ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ወረዱ። ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከጉልት ወደ ጉልት እየዞሩ የላቦራቶሪውን ዕቃ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ይዘውኝ ሄዱ፤ ለምስክርነት ነው ያሉኝ። ሽቶ ቀድቶ የሚሸጥ ሰው መደብ ላይ መቶ ሚሊ ሊትር የሚለካ፣ መስመር የተሰመረበት ቀጭን የብርጭቆ ሲሊንደር ቆሟል።

"ይህ የኛ ነው" አሉት።

"ኣደይ፣ የሽቶ መስፈሪያዬ ነው። ገዝቼው ነው።"

"ሰረቅክ አልኩህ እንዴ? የኛ ነው ነው ያልኩህ። ታቹን ገልብጥና አንብብ። 'ላብ ሦስት' የሚለው የኔ ጽሕፈት ነው።"

ሰውየው ገለበጠው። አነበበ። እትየ ለተኪዳን ከዘምቢላቸው ስድስት የሻይ ብርጭቆዎች አውጥተው አንድ በአንድ መደቡ ላይ ደረደሩ። የራሳቸው ቤት ብርጭቆዎች ነበሩ።

"ያንተ አንድ፣ የኔ ስድስት። ተቀያየርን።"

"እነዚህ መስመር የላቸውማ!"

"ወደይ፣ ሽቶህን በመስመር መስፈር የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ጎረቤት ነጋዴዎቹ ሳቁ፤ ሰውየውም ሳቀ፤ ሲሊንደሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ውስጡ ለአንድ ወር ያህል ሽቶ ይሸት ነበር። ሚዛኑን መፈለግ አላስፈለገም። ኮሌጁ ሲዘጋ ቤታቸው ወስደው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ በርሜል ውስጥ ጤፍ ሥር ቀብረውት ነበር። ጤፉ ሲያልቅ ባዶውን በርሜል ከድነው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ከረሙ። ለዚህ ማንም አላመሰገናቸውም። እኔም ጭምር።

አሁን ወደ ኀፍረቴ ልምጣ።

ከእነዚያ ፍለጋዎች አምስት ቴርሞሜትሮች ተገኙ። ልንፈትሻቸው ውሃ አፈላን። ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። አምስቱም ግን ዘጠና ሁለትን ትንሽ አልፈው ቆሙ። እኔ "የተበላሹ ናቸው" ብዬ ፈረድኩ። ፈርጄም አላበቃሁም፤ ስለ ርካሽ ዕቃና ስለ ዘመናችን የጥራት ውድቀት አንድ ሙሉ መጣጥፍ ጻፍኩ። አንባቢዎች ወደዱት። እትየ ለተኪዳን አነበቡት፣ አጥፈው መለሱልኝ። "ያምራል" አሉ። ቀጥለውም፦

"አምስቱም በአንድነት፣ እኩል፣ በአንድ ቀን ይዋሻሉ?"

"ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡ ምን ይታወቃል?"

"አንዱ እኮ ዲግሪው በአሥረኛ የተከፋፈለው ነው። አሮጌው። ከነዚህ ጋር ዝምድና የለውም።"

ሳቅኩ። መልስ አድርጌ የቆጠርኩት ሳቄን ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ውሃ እያፈሉ አንድ ደብተር ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። እኔ የሻይ ውሃ መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ለተመራቂዎቹ የተግባር ፈተና ሰጠሁ። ፈተናው ያልታወቀን ጋዝ መለየት ነው። ጋዝ አይታይም፤ ቡቴኑም ፕሮፔኑም ለዐይን ያው ምንም ነው። ነገር ግን አንድ ጋዝ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ በምን ያህል ግፊት እንደታጨቀ ካወቅህ፣ የጋዝ ሕጉ በውስጡ ስንት ሞል እንዳለ ይነግርሃል። ሞል ማለት ኬሚስቶች ጋዝን የሚቆጥሩበት ደርዘን ነው። ከዚያ ጋዙን መዝነህ ለሞሉ ታካፍላለህ፤ የአንዱ ሞል ክብደት ይወጣል። አርባ አራት ከሆነ ፕሮፔን፣ ሃምሳ ስምንት ከሆነ ቡቴን። እኛ ድሆች ስለሆንን ጋዙን የምናገኘው ከሲጋራ ላይተር ነው። ተማሪው ላይተሩን ይመዝናል፤ ሳፋ ውስጥ በውሃ በተሞላውና በተደፋው ሲሊንደር ሥር ጋዙን ይለቅቃል፤ ጋዙ ውሃውን ገፍቶ ቦታ ይይዛል። ላይተሩን አድርቆ ደግሞ ይመዝናል። የጎደለው የጋዙ ክብደት ነው። የቀረው ሒሳብ ነው።

ለሒሳቡ የምንሰጠው ወረቀት አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ነው። "የአየር ግፊት" በሚለው መስመር ላይ 760 የሚል ቁጥር ታትሟል። ተማሪው ከዚያ ላይ ለውሃው እንፋሎት ሃያ ይቀንሳል፣ ይቀጥላል።

ሠላሳ ወረቀት አረምኩ። ሃያ ዘጠኙ ሃምሳ ስምንት ነጥብ አንድ አግኝተዋል። ሃያ ዘጠኝ ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ በዚህች አገር ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ቡቴን፣ ቡቴን፣ ቡቴን። ሙሉ ማርክ ሰጠኋቸው። አንዲት ተማሪ ብቻ አርባ አራት ነጥብ ስድስት አግኝታ "ፕሮፔን" ብላ ጽፋለች። ትርሓስ ትባላለች። ዜሮ ሰጠኋት።

በማግስቱ እትየ ለተኪዳን ወረቀቷን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ትርሓስ ከኋላቸው በሩ ላይ ቀረች።

"ዜሮ ነው የሰጠሃት?"

"ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን ነው። ፕሮፔን ብላለች።"

"ስትመዝን ቆሜ አይቻታለሁ። ክብደቱ ሚዛኑ ያለው ነው።"

"እሺ፣ ሚዛኑ ልክ ነው። ስሌቷም ልክ ነው፣ አይቼዋለሁ። መልሷ ግን ስሕተት ነው።"

"ሚዛኑ ልክ፣ ስሌቱ ልክ፣ መልሱ ስሕተት። በል እስቲ አስረዳኝ፣ መምህር።"

"መምህር" ካሉኝ ተቆጥተዋል ማለት ነው። ደስ ሲላቸው "ሓወይ"፣ ወንድሜ፣ ነው የሚሉኝ።

ትርሓስ በሩ ላይ ሆና ወለሉን ታያለች። ኮሌጅ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ተቋርጦ፣ ተጀምሮ፣ አሁን ሃያ አምስት ሆኗታል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ለቀለም ላቦራቶሪው ተቀብሏታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ትራንስክሪፕቷን ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወሩ ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ጨካኝ አይደለሁም፤ ሰነፍ ነኝ እንጂ።

"ተዉት እትየ" አልኩ። "ስድሳ አደርግላታለሁ። ታልፋለች። ማንም አያየውም።"

የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። እፎይ ያለች መሰለኝ። እትየ ለተኪዳን ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይቅርታ ልታደርግላት ነው? በምን ጥፋቷ?"

"እትየ..." አለች ትርሓስ በቀስታ፣ "ይተዉት በናትዎ። ስድሳ ይበቃኛል።"

"አይበቃሽም።"

"ሥራው ቢያመልጠኝስ?"

"ካመለጠሽ ያስመለጥኩሽ እኔ ነኝ። ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ መጥተሽ ስደቢኝ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። "ስሚኝ ጓለይ። ነገ ቀለም ቤት ትገቢያለሽ። ሚዛኑ አንድ ነገር ይልሻል፣ አለቃሽ ሌላ ነገር። ዛሬ በምሕረት ካለፍሽ ያን ቀን የምትጽፊው የአለቃሽን ነው።"

የትርሓስ ዐይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ የንዴት እንባ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከልጅቷ ጋር ነበርኩ። ዐሥራ ሁለት ቀን የቀረውን ሰው ለመርሕ መሥዋዕት ማድረግ ለማንም ቀላል ነው፤ መሥዋዕቱ ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ልክ ነህ" አሉ። "ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ቀን አንፈጅም። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ክብሮምን ይዘህ ና።"

ክብሮም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የእሳቸው ተማሪ ነበር። ፋይል ተከፍቶ ከማየት እሳት ማየት የሚመርጥ፣ ጨዋ ሰው ነው።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የብርጭቆ ቢከር በምድጃ ላይ ይፈላል፤ አምስቱም ቴርሞሜትሮች በአንድ ላይ ከብረት ዘንግ ወርደው እንፋሎቱ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። "የተበላሹት" ናቸው። እትየ ለተኪዳን ትንፋሻቸውን ይዘው አንድ በአንድ አነበቡ።

"ክብሮም ሓወይ፣ አንተ አንብብ። በአሥረኛ የተከፋፈለውን።"

ክብሮም ጎንበስ አለ። "ዘጠና ሁለት ነጥብ... ሰባት።"

"ሌሎቹስ?"

"እነሱም ዘጠና ሁለትና ዘጠና ሦስት መሀል ናቸው።"

"እናትህ ባቄላ ስትቀቅል ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?"

"እ?"

"ቆላ ወርዳ፣ ሑመራ ያለችው እኅቷ ጋ ስትሄድስ? ቶሎ አልበሰለም?"

"እሱስ... 'የሑመራ ባቄላ ለስላሳ ነው' ትላለች።"

"ባቄላው አይደለም።" ደብተራቸውን ገልጠው ፊታችን አኖሩት። ሁለት መቶ የሚያህሉ ጠዋቶች። 92.7፣ 92.6፣ 92.8፣ 92.7። "ውሃው እዚህ በዚህ ነው የሚፈላው። ከላይ የሚጫነው አየር ትንሽ ስለሆነ ነው። መምህር፣ የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጠህ ሰንጠረዡን አንብብልን። ውሃ በዘጠና ሁለት ነጥብ ሰባት ከፈላ ግፊቱ ስንት ነው?"

ገለጥኩ። ጣቴ በመስመሩ ላይ ሲሄድ ምን እንደማገኝ አውቄ ነበር። ይህን ነገር እኮ በሦስተኛው ሳምንት አስተምረዋለሁ! ከፍታ ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል፤ ሥዕል እስላለሁ፣ ተራራ እስላለሁ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ ባንዲራ እሰካለሁ። እኔው ራሴ ተራራው ላይ ቆሜ እንደማስተምር ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። 760 የባሕር ዳርቻ ግፊት ነው። የምፅዋ ሰው ቢጽፈው ያምርበታል።

"አምስት መቶ ሰማንያ ሁለት" አልኩ።

"ትርሓስ፣ ነይ ጻፊ።"

ትርሓስ ጠመኔውን ወሰደች። ከ582 ላይ ለእንፋሎቱ ሃያ ቀነሰች። የራሷን ክብደት፣ የራሷን ቦታ፣ የራሷን ሙቀት አስገባች። አካፈለች። ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሰባት።

"ቡቴን" አለች። ከዚያ ደግሞ ለራሷ፣ "ቡቴን ነው እንዴ!"

ክብሮም ፈገግ አለ። "በጣም ጥሩ! እንግዲህ ትርሓስ አለፈች። ይኸው ነው፣ አይደለም እንዴ?"

"ሃያ ዘጠኙስ?" አሉ እትየ ለተኪዳን።

"ምን ሆኑ? እነሱ መልሱን አግኝተዋል።"

"በ760 ቡቴን ይገኛል? አሁን አይተሃል፤ በ760 በሐቅ የሠራ ሰው አርባ አራት ነው የሚያገኘው። እነሱ ሃምሳ ስምንትን ከየት አመጡት?"

ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ካለፈው ዓመት ተማሪዎች "ላይተር ከሆነ ሃምሳ ስምንት" የሚል ወሬ ይወርሳሉ፤ ከመልሱ ተነሥተው ወደ ኋላ ያሰላሉ፤ ሚዛኑ ሊላቸው የሚገባውን ክብደት ራሳቸው ይጽፋሉ። የማውቀው እኔም ያደረግኩት ስለሆነ ነው። ደብረ ማርቆስም ከመቐለ አታንስም ከፍታዋ። በተማሪነቴ ያገኘሁት አርባ ሦስት ነበር። የጻፍኩት ሃምሳ ስምንት ነው። መምህሬም ሙሉ ማርክ ሰጠኝ፤ እሱም በጊዜው ያደረገውን እያስታወሰ ይሆናል። በደጋ ያደግን ስንት ትውልድ ነን የባሕር አየር እየተነፈስን ነው ብለን የፈረምነው!

"እሞ እትየ፣ ሃያ ዘጠኝ ተመራቂ ልንጥል ነው?" አለ ክብሮም። ፊቱ ገርጥቷል።

"ማን ጣሉ አለ? ይድገሙት። 760 የሌለበት ወረቀት ስጧቸው። እያንዳንዱ የራሱን ውሃ ያፍላ። ትርሓስም ትድገም፤ በፈተናው ፕሮፔን ብላለች፣ እሱም ስሕተት ነው።"

"በወሩ መጨረሻ..."

"መምህር ያርማል" አሉ ሳያዩኝ።

ሃያ ዘጠኝ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ጠሉኝ። አንዱን ኮሪደር ላይ "ለአንዲት ዜሮ ሁላችንን ውሃ አስጣደን" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ልክ ነው። እኔም ስለ ራሴ ከዚህ የተሻለ አስተያየት አልነበረኝም። ሰነፍ ሰው እንደሚያደርገው በየቀኑ መውጫ ስፈልግ ነበር። መብራት ጠፋ፤ ደስ አለኝ፤ እትየ ለተኪዳን ከሰል አቀጣጥለው ገቡ። ላይተር አለቀ፤ እትየ ለተኪዳን ሰሜን ክፍለ ከተማ ድረስ በእግራቸው ሄደው ካንድ ባለ ሱቅ አንድ ካርቶን ለምነው መጡ። በመጨረሻ "እግርዎ አብጧል፣ ይረፉ" አልኳቸው። "ካበጠ የኔ ነው ያበጠው" አሉኝ።

ፈተናው ተደገመ። ውጤቶቹን ሳርም ያየሁትን ያህል ዝርክርክ ነገር አይቼ አላውቅም። ሃምሳ አምስት። ስልሳ አንድ። ሃምሳ ሰባት። ስልሳ። ሃምሳ ስድስት ተኩል። አንዱ ሰባ ሁለት አገኘ፤ ላይተሩን ሳያደርቅ ነው የመዘነው፤ ራሱ ከሥር ጽፎታል፤ "ላይተሬ እርጥብ ነበር" ብሎ። ሃምሳ ስምንት ነጥብ አንድ ያገኘ አንድም ሰው የለም። ወረቀቶቹን ወስጄ ለእትየ ለተኪዳን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ገለጡ፣ እርጥቡ ላይተር ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ሳቁ። በዐሥር ዓመት ውስጥ በድምፅ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"አሁን ሠሩ፣ ሓወይ" አሉኝ። "ይኸው፣ አይመሳሰሉም።"

ትርሓስ ሃምሳ ሰባት ነጥብ ሁለት አገኘች። ትራንስክሪፕቷን ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈረምኩ። ወደ ፋብሪካው ስትሮጥ እትየ ለተኪዳንን እንኳ አልተሰናበተችም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ ሲሊንደር እያጠቡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥሩ ከደብተር ወደ ሰሌዳ የወጣው። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በቀኝ ላይኛው ጥግ። አዲስ ተማሪ "ይህ ምንድነው?" ብሎ ሲጠይቅ "አፍልተህ እየው" ይሉታል። የቴርሞሜትሩን መጣጥፍ በተመለከተ፣ ማስተካከያ ጽፌ አወጣሁ። ማንም አልወደደውም። እትየ ለተኪዳን አነበቡት። "ያምራል" አላሉም፤ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እና ያ ሰኞ። ቁጥሩን ላጠፋ ዳስተር አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ማክሰኞም አልነካሁትም። ተማሪዎቹም በዚያ ጥግ ዙሪያ ተጠንቅቀው ይጽፋሉ፤ አንዷ በጠመኔ አበባ ነገር ከበበችው። ረቡዕ ዕለት በመስታወት አስገጥሜ ልተወው አሰብኩ። መታሰቢያ ይሆናል። ከሥሩ የሚጻፈውን ዐረፍተ ነገር እንኳ ሠርቼ ነበር፤ ያምር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ትርሓስ መጣች። የፋብሪካው ባጅ አንገቷ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ጫፋቸው ሰማያዊ ነው፣ የቀለም ቤት ሰው ሆናለች። ለሐዘን ጥቁር ነጠላ ደርባለች። ሰላም ሳትለኝ ሰሌዳውን አየች።

"መምህር፣ ይህ የዓርብ ነው።"

"አውቃለሁ። ልተወው ብዬ ነው። የመጨረሻው የእጅ ጽሕፈታቸው ነው።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለች።

"ትርሓስ..."

"ዛሬ ሰው እዚህ አይለካም እንዴ? ዛሬ ላብ የለም?"

አለ። አራት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ዓመቶች ይገባሉ፤ ላይተር ይዘው፣ የግፊቱ መስመር ባዶ የሆነ ወረቀት ይዘው። ለሦስት ቀን በዓርብ ግፊት ሲያሰሉ ሰንብተዋል። እኔ ነኝ የፈቀድኩላቸው። 760ውን አውጥቼ 584 አተምኩላቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የአሁኑ በአበባ መከበቡ ነው።

ትርሓስ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ አበባውንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ጠረገችው። ወደ እኔ ሳትዞር ቢከሩን ሞላች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ በአሥረኛ የተከፋፈለውን ቴርሞሜትር ሰቀለች። ውሃው እስኪፈላ ጠበቅን።

"እርስዎ ያንብቡ" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። እጄ ውስጥ ያለው ጠመኔ ምን ሊጽፍ እንደፈለገ እነግራችኋለሁ፤ 92.8 ብሎ አንብቦ 584 ሊጽፍ ነበር የፈለገው። ያው የእሳቸው ቁጥር፣ ሲሞቱም ያልተለወጠ። ቴርሞሜትሩ ላይ ሁለት መስመር መዋሸት ነው የሚያስፈልገኝ። መጣጥፍ ይሆን ነበር። ትርሓስ ከጎኔ ቆማ ቴርሞሜትሩን ሳይሆን እኔን ታያለች።

ጥፍሬን አንሥቼ መስታወቱን ቀጭ ቀጭ አደረግኩት። ዘጠና ሁለት ነጥብ ስድስት።

"ሐሙስ 580" ብዬ ጻፍኩ።